የብርቄ ሁለተኛ ዓይን

ልጆቹ "እምዬ፣ መጽሐፍ ላይ ዓይን የምትቆጥሪው ለምን እንደሆነ ካልነገርሽን አንለቅሽም" ብለው ያዙኝ። ጥፋቱ የኔው ነው። ትንሹ የልጅ ልጄ የገዙለትን መጽሐፍ ይዞ ጭኔ ላይ ወጣና "አንብቢልኝ" አለኝ። ገጹ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፣ ቀለሙ የመስከረም ሜዳ ይመስላል። እኔም ሳይታወቀኝ ጣቴን ሥዕሉ ላይ አድርጌ "ጥንቸሏ ሁለት፣ ዝንጀሮው ሁለት፣ አዞው አንድ፤ አዞውን ተጠንቀቀው" ስል እህቱ ሰማችኝ። "እምዬ ንባቡን ትታ ዓይን ትቆጥራለች" ብላ ቤቱን ሁሉ ጠራችብኝ።

መጽሐፉን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አዲስ መጽሐፍ ሲገለጥ ከጀርባው የማጣበቂያ ሽታ ይወጣል። እኔ ልጅ ሆኜ ማጣበቂያ የሚቀቀለው ከበሬ ቆዳ ነው፤ ሽታው ከዚህ ጋር አይገናኝም። ቢሆንም ያንን ማሰሮ አስታወሰኝ። እንግዲህ ከማሰሮው ልጀምርላችሁ።

ያን ዓመት እናቴ ቢቸና ላይ ታናሽ እህቴን ወልዳ አራስ ነበረች። ቤቱ በጠያቂ ሲሞላ እኔ ሰው እግር ሥር እየገባሁ አስቸገርኩ መሰለኝ፣ አባባ "ይህችን ለኔ ስጡኝ፣ ሙጫ ታማስልልኛለች" ብለው ይዘውኝ ወጡ። አባባ የምላቸው የእናቴን አባት ነው። ሰው አለቃ ጥሩነህ ይላቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከሞጣ ወጣ ብላ ያለች አንዲት የገጠር ደብር መቅደሷን አሳድሳ ሥዕሉን እንዲሠሩላት ጠርታቸዋለች። ፋሲካ እንዳለፈ በበቅሎ፣ እኔ ከኋላ ወገባቸውን ይዤ፣ በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ ገባን። ስደርስ መቀመጫዬ ከበቅሎዋ ጀርባ ጋር የተሰፋ ይመስል ነበር።

ያረፍነው ሰይድ ከሚባል ነጋዴ ግቢ ነው። ሰይድ ጨርቅና ጨው ይነግዳል፤ ለአባባም የዱቄት ቀለም ከሩቅ አገር የሚያስመጣላቸው እሱ ነው። "ቀለሜ ካለበት ልደር" ብለው አንዲት ክፍል ተቀበሉት። ሥዕሉ መጀመሪያ አቡጀዲ ላይ ይሠራል፤ ሲያልቅ ተጠቅልሎ ይሄድና መቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ስለዚህ ክፍላችን ከጥግ እስከ ጥግ በተወጠረ አቡጀዲ ተሞልታ፣ የምንተኛው ከቅዱሳን እግር ሥር ነበር። የኔ ሥራ ቆዳው ከሚቀቀልበት ማሰሮ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማማሰል ነው። ሽታውን የሰይድ ልጅ ዘይነብ "የሞተ ጫማ" ትለው ነበር።

አባባ መልኩንም ልብሱንም ጨርሰው ዓይንን የሚያስቀምጡት መጨረሻ ላይ ነው። ዓይን በሚያስቀምጡበት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ለምን ብላቸው "እንግዳ ደጅ ቆሞ ሳለ ትበያለሽ?" አሉኝ። ጻድቁና መልአኩ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ሰይጣን፣ ይሁዳና ክፉ ወታደር ግን በጎን ናቸው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። እሳት እንደሚያቃጥል እንደማውቀው ነው የማውቀው። ፊደል አልለይም፣ ግድግዳ ግን አነብ ነበር።

እንዲያውም አንድ ቀን ገበያ ላይ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ሳይ ጮኼ አባባ ጋቢ ውስጥ ገባሁ። አባባ ጆሮዬን ያዙና "ሰውዬው ታሞ ነው። ሰውን እግዜር ነው የሠራው፣ ሥዕልን እኔ ነኝ፤ አታምታቺ" አሉኝ። ሽማግሌውን ይቅርታ አስጠየቁኝ። እሱም ከእጁ ሽምብራ ሰጠኝ፣ በላሁት፣ ግን ከሩቅ ሆኜ ነው የበላሁት።

ዘይነብ ከኔ ሁለት ሦስት ዓመት ትበልጣለች፤ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ክፍሏ ውስጥ ሴት እሷና የአንድ ፖሊስ ልጅ ብቻ ናቸው። አባቷ የፈቀደው በስንት ልመና ነው። ሲፈቅድም ሰው ሁሉ እየሰማ "ከትምህርት ቤት አንዲት ስሞታ ከመጣችብኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቅ ነው የምትቀመጪው" ብሏታል። ሰይድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለውን ግን አያጥፍም። ስለዚህ ዘይነብ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው ውሃ የሞላ እንስራ እንዳዘለች ነበር።

አንድ ቀን ስትመለስ በነጠላዋ የጠቀለለችውን አሳየችኝ። እስከዚያ ድረስ መጽሐፍ ማለት ለኔ ካህን የሚሸከመው፣ እጅ ሳይታጠቡ የማይነካ፣ ሥዕሉም የቅዱሳን ብቻ የሆነ ነገር ነው። ይህ ግን እንደ ደረቀ ቂጣ ቀላል ነው። ላምባ ሸተተኝ፤ በጭነት መኪና ስለመጣ ነው ብዬ አሰብኩ። ስትገልጠው ቅዱስ የለበትም። ዶሮ አለበት። እንስራ አለበት። አንዲት እንደኔ ቁንጮ ያላት ልጅ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ትሄዳለች። እንደኔ ያለ ሰው በመጽሐፍ እንደሚሣል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ደስ ሊለኝ ሲል ፊቷን አየሁ። በጎን ናት። አንድ ዓይን።

"ምን አድርጋ ነው?" አልኳት ዘይነብን።

"ማን?"

"ይህች ልጅ።"

"ትምህርት ቤት እየሄደች ነዋ። ላንብብልሽ፤ 'ብርቄ ጎበዝ ልጅ ናት። ብርቄ እናቷን ትረዳለች።'"

"ውሸት ነው።"

"ምኑ?"

"ጎበዝ አይደለችም። ወይ ሰርቃለች፣ ወይ ሰው ገድላለች።"

ዘይነብ ሳቀች። "አንቺ ሙጫሽን አማስይ። ፊደል ሳትለዪ ነው መጽሐፍ ዋሸ የምትይው?"

"አንቺስ ዓይን መቁጠር ሳታውቂ ነው የምታነቢው?"

ገጹን ገለበጥን። እናቷ አንድ ዓይን። አባቷ አንድ ዓይን። ውሻቸው ሳይቀር አንድ ዓይን። ሰፈሩ በሙሉ የተኮነነ ነው። ምን ዓይነት አገር ነው ብዬ ፈራሁ።

ዘይነብ ግን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማሰሮው አጠገብ ቁጭ እያለች አነበበችልኝ። ብርቄ ዳቦዋን ለተራበ ልጅ አካፈለች። ብርቄ ቀበሮ የነጠቃትን ጠቦት ፍለጋ ስትንከራተት ዋለች። በአምስተኛው ቀን ለብርቄ አለቀስኩላት። ፊደሉ እውነት ከሆነ የዋሸው ሥዕሉ ነው ማለት ነው። ይህችን ምስኪን የበደላት ሠዓሊው ነው።

ግንቦት ላይ የዘይነብ ዘመድ ሰርግ ሆነና ቤተ ሰቡ ለአራት ቀን ወደ ገጠር ወረደ። ታናናሾቿ እንዳይቀዳድዱት መጽሐፉን ለኔ ሰጠችኝ። "አደራ የውብዳር፣ ከማሰሮው አርቂው" አለችኝ። ከማሰሮው አራቅሁት። ይህን ቃሏን ጠብቄያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ግድግዳ ሊለኩ ወደ ደብሩ ሲሄዱ፣ ጥቁሩ ቀለም ያለበትን ሸክላ ከፈትኩ። እህል አልቀመስኩም፤ ሕጉን አውቃለሁ። ቀጭኗን ቡሩሽ አጠቀስኩና ብርቄን ቁልቁል አየኋት። ሁለተኛው ዓይን የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋኝ። በአፍንጫዋና በጆሮዋ መሃል ጉንጯ ላይ አደረግሁላት። ወረቀቱ ደግሞ እንደ አቡጀዲው አልነበረም፤ ቀለሙን ጠጣው። ዓይኑ ሰፋ፣ ሰፋ፣ የባቄላ ፍሬ አከለ።

አባባ ሲመለሱ መጽሐፉን ቀሚሴ ሥር ሸጉጬ እያለቀስኩ ነው። አወጡትና ወደ በሩ ብርሃን ሄዱ።

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ሠዓሊው በድሏት ነው። ምንም አላደረገችም፤ ዘይነብ አንብባልኛለች።"

አባባ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው አነበቡት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። አለንጋውን ስጠብቅ "እውነትሽን ነው፣ ምንም አላደረገችም" አሉኝ። ከዚያ ሥዕሉን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ይኸ እኮ ገና መስመሩ ብቻ ነው። ቀለም አልገባበትም። ሳያልቅ ነው ያወጡት። ሠዓሊው ሞቶባቸው ይሆናል።"

ምን ያድርጉ። እሳቸው በሚያውቁት ሥራ መጀመሪያ መስመር ይሰመራል፣ ቀጥሎ ቀለም ይገባል፣ በመጨረሻ ዓይን ይቀመጣል። ጥቁር መስመር ብቻ ኖሮት አልቋል የሚባል መጽሐፍ አይተው አያውቁም። "ሟች የጀመረውን ያገኘ ይጨርስለታል" አሉና ቁጭ አሉ።

ሦስት ቀን ሠራን። እኔ ቀለም እፈጫለሁ፣ እሳቸው ይቀባሉ። ያቺን የኔን የባቄላ ፍሬ አላጠፏትም። እሷን ዓይን አድርገው የብርቄን ፊት በዙሪያዋ አሰፉት፣ አፍንጫዋን ወደ መሃል መለሱት፤ ብርቄ ዞራ አየችን። እናቷንም አባቷንም እንዲሁ አዞሯቸው።

"ውሻውስ?" አልኳቸው።

"ውሻ ምን አጠፋ?" አሉና ለእሱም ሰጡት። ጠቦቷን የነጠቀው ቀበሮ ላይ ስንደርስ "ይኸስ ይቆይ" አሉ። እሱ ብቻ በጎን ቀረ።

ዘይነብ እጇ በእንሶስላ ቀልቶ፣ የሰርግ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። መጽሐፉን በኩራት ሰጠኋት። ስትገልጠው ያን ቀይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አልጮኸችም። ቁጭ አለችና "አባቴ ይጠራል" ብቻ አለች።

ነገሩን ለአባባ ያስረዳቻቸው እያለቀሰች ነው። መጽሐፉ የሷ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ቁጥር አለው። ሰኔ ላይ ሁሉም ተሰብስቦ ይመለሳል። ያበላሸ ልጅ አባቱ ይጠራል። አባቷ ከተጠራ ደግሞ ትምህርቷ እዚያው ላይ አለቀ።

አባባ እጃቸውን አዩና "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነገ ወደ የኔታሽ ውሰጂኝ" አሏት።

"ቲቸር ነው የምንለው" አለች ዘይነብ እንባዋን እየጠረገች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እኔ ደነገጥኩ። በየወንበሩ ብርቄ አለች። ሠላሳ ብርቄ፣ ሁሉም አንድ ዓይን። አባባም አንዱን አንሥተው ከሌላው ጋር አስተያዩ። "ይኸን ሁሉ የሣለ አንድ እጅ ነው? እንዲህ የማይንቀጠቀጥ?"

"እጅ አይደለም አለቃ፣ ማተሚያ ነው" አለ አስተማሪው። ከሸዋ የመጣ ከረባት ያሰረ ልጅ እግር ነው። አባባ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ የለችበትም ብለው መጽሐፉን ዘረጉለት። ገጽ በገጽ እየገለበጠ አየው። ከዚያ "ይቅርታ አለቃ፣ ሥራው አልቆ ነበር። ልጅቷ በጎን ሆና ነው እንጂ ዓይን አልጎደላትም" አለና ጥቁር ሰሌዳው ፊት በጎኑ ቆመ። "አሁን ስንት ዓይን ይታይዎታል?"

"አንድ።"

"ሌላው የት ሄደ?"

አባባ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ፈለጉት። ልጆቹ ይስቃሉ።

"በዚያኛው በኩል አለ። አይታይዎትም እንጂ አለ።"

"በዚያኛው በኩል አለ ትላለህ?"

"አለ።"

"እሺ" አሉ አባባ።

አስተማሪው ልቡ ደግ ነበር፤ ግን ተጨነቀ። "ቆጥሬ የተቀበልኩትን ቆጥሬ ነው የማስረክበው። ይህን ሳሳይ ያበላሸው ማን ነው እባላለሁ፣ የዘይነብም አባት መጠራቱ አይቀርም። ትርፍ መጽሐፍ ደግሞ አልመጣም።"

"እኛ ዘንድ መጽሐፍ ሲበላሽ ካልተበላሸው ይገለበጣል። አንዱን አውሰኝ፣ እገለብጥልሃለሁ።"

አስተማሪው ፈገግ ሊል ነበር፤ የአባባን ቅብ እንደገና አየና ተወው። "ከሌሎቹ ጋር ሳስተያየው አንድ ከሆነ እቀበላለሁ፤ ለአለቆቼም እነግራቸዋለሁ። ግን እንዳለ ነው አለቃ። ብርቄም በጎን፣ በአንድ ዓይን።"

"ንጹሕ ልጅ በአንድ ዓይን ሥዬ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ካልሆነልዎ ይቅር።"

አባባ ወደ በሩ ዞሩ። ዘይነብ እዚያ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች። ብዙ አዩዋት። ከዚያ "ወረቀት አለህ?" አሉት።

የደብሩ ሥራ ቆመ። ቄሰ ገበዙ ልከው ምን ገጠማቸው ቢሉ አባባ "ዓይን ላይ ነኝ በላቸው" ብለው መልእክተኛውን መለሱት። ፊደሉን በመቃ ብዕር፣ እያንዳንዱን እንደ ማተሚያው ቀጥ አድርገው ጻፉ። ብርቄን ሲሥሉ ግን ጀርባቸውን ሰጡኝ።

"ስንት አደረጉላት?" አልኳቸው።

"አንድ።"

"ታዲያ ምሳ ለምን አልበሉም?"

"ማሰሮሽ ይገነፍላል" አሉኝ።

ተቀየምኳቸው። ብርቄንና ሰይጣንን አንድ አደረጓቸው ብዬ ሳላናግራቸው ሙጫዬን አማሰልኩ። አንዳንዴ ያለቀውን ገጽ በሩ ላይ ወደ ፀሐይ አንሥተው ያዩና መልሰው በፊቱ ደፍተውት፣ በቀጭኗ ቡሩሽ ጎንበስ ይሉበታል። ጠብታ የሚያጠፉ መስሎኝ ነበር። ምን ቸገረኝ ብዬ ዞር አልኩ። ሲደክማቸው "የውቤ" ብለው ይጠሩኛል፤ ዝም እላቸዋለሁ። እንደገና አይጠሩኝም።

ሰኔ ላይ አስተማሪው የአባባን መጽሐፍ ከሠላሳዎቹ ጋር አስተያይቶ ተቀበለው። ዘይነብ ወደ ሦስተኛ ክፍል አለፈች። ስሞታም አልመጣ። ሰይድ ታሪኩን የሰማው ውጤት በተነገረ ዕለት ነው። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አባባን አየና ሳቁ አመለጠው። "አለቃ፣ እኛ እኮ አንዱንም ዓይን አንሥልም። እርስዎ ጭራሽ ሲጨምሩ ተያዙ?"

"ጨው ላይ አሸዋ ስትጨምር አንተን ማን ያዘህ?" አሉት አባባ፤ ሁለቱም እየሳቁ ሄዱ።

ክረምቱ ሳይከብድ አቡጀዲው መቅደሱ ላይ ተለጠፈና ወደ ቢቸና ተመለስን። የተቀባው መጽሐፍ ለኔ ቀረልኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ይህን የምጽፍበትን ፊደል የቆጠርኩት ከሱ ነው። መጀመሪያ ዘይነብ አሳየችኝ፣ ቀጥሎ አባባ። ግን ጣቴን "ብርቄ" የሚለው ላይ ባደረግሁ ቁጥር ያቺ የሞጣዋ፣ በአንድ ዓይን የቀረችው ትመጣብኛለች፤ ከአባባ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው። እንደዚሁ ሞቱ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሞጣ ሄጄ ዘይነብን ጠየቅኋት። እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና ነበር። ክፍሏን ላሳይሽ ብላ ወሰደችኝና ከሣጥን አንድ ያረጀ መጽሐፍ አወጣች። የአባባን እጅ ወዲያው አወቅሁት። ብርቄ በጎን ናት፣ አንድ ዓይን። ፊቴን አዞርኩ።

"ቆይ" አለችኝ። "እኔም ያወቅሁት ከተማሪዎቼ ነው። ይህ መጽሐፍ የደረሰው ልጅ ብርቄ ጋ ሲደርስ ወደ መስኮት ያነሣዋል። ለምን ብላቸው፣ ከኛ በፊት የነበሩት ያሳዩን ነው አሉኝ። ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳዩ ኖረዋል፤ ያላወቅነው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

ገጹን ገለበጠችው። ከጀርባው፣ ከጽሑፉ መሃል፣ የቀለም ጠብታ የምትመስል አንዲት ነጥብ አለች። ዘይነብ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ወደ ፀሐይ ስታነሣው ነጥቧ ዘልቃ ከብርቄ ዓይን ጎን ታየች፤ ሌሎቹንም ገጾች እንዲሁ አነሣችልኝ።

ብርቄ ሁለት። እናቷ ሁለት። አባቷ ሁለት። ውሻው ሁለት። ቀበሮው አንድ።